ሦስት ቁልፍ ያለው የእድር ሳጥን

እውነቱን ልናገርና ትበርህን መጀመሪያ ላይ አልወደድኳትም። ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ወደ ውስጥ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ፣ የእኔ ሱቅና የእሷ ቤት ፊት ለፊት ናቸው። ማለቴ ነበሩ፤ አሁን ሁለቱም ፈርሰዋል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት እሷ በረንዳዋ ላይ ሲንገሯን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቀና ብላ ሰላም ብትል ምን ነበረበት? የያዘችውን ስፌት ካልጨረሰች ቀና አትልም። የአዲግራት ልጅ ናት፣ ኩሩ ናት አልኩ፤ በቃ፣ ፈርጄባት ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ልጄ ሰብሪና በጠራራ ፀሐይ ሱቁ ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። እኔ ጮኬ እንኳን ሳልጨርስ ያቺ ቀና አትልም ያልኳት ሴት መንገዱን ተሻግራ፣ ልጄን አዝላ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጠች። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። ታይፎይድ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጥቶን ስንመለስ ላመሰግናት አፌን ብከፍት፣ የደረሰ ሥራ አለብኝ ብላኝ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት። እህት ስለሆነችም ነው እንደ ልቤ የምናገርባት።

ባሏ አስገዶም ኡራኤል አካባቢ ጎሚስታ ነበር። አስመራ ተወልዶ፣ በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ጎማ ሲለጥፍ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። ንግግር አያበዛም፤ ደንብ ግን ያበዛል። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ባለ መኪና ተራ ካልጠበቀ፣ ሚኒስትርም ቢሆን አይነካለትም። ልጅ አልወለዱም። ትበርህ ስለዚህ ነገር አታወራም ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች፣ እኔ ስሞት የሚያለቅስልኝ እድሩ ነው አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

እድራችንን ልንገራችሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጉራጌውም ትግሬውም ኦሮሞውም አንድ ላይ ያለበት የሰፈር እድር ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት አለን፤ መጠባበቂያ ገንዘባችን ደግሞ በብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ረጋሳ ይይዛሉ፣ አንዱን እኔ ገንዘብ ያዥዋ፣ አንዱን አስገዶም። ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም፤ የሚከፈተውም በዓመት ሁለቴ፣ በጥርና በግንቦት ጠቅላላ ስብሰባ ነው። የወር መዋጮውን እኔ በቆርቆሮ ይዤ ለየለቅሶው አወጣለሁ፤ ሳጥኑን ማንም አይነካውም። ቁልፍ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ይህን ደንብ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? አስገዶም ነዋ።

ባንክ ለምን አታስገቡትም ትሉ ይሆናል። ጋሽ ረጋሳን ጠይቋቸው። ለገሃር ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቆጥበው የሠሩትን ትርፍ ቤት ደርግ በስድሳ ሰባት ወረሰባቸው። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ደጃፍ ላይ ዘበኛ ያቆመበት ቤት ሁሉ ለእሳቸው አንድ ነው። ባንክ ስንላቸው ሳጥኑ ምን አደረጋችሁ ይሉናል።

አስገዶም በመስከረም ዘጠና አስመራ ሄደ። እናቱ ሞተው ነበርና ተዝካራቸውን አውጥቶ፣ ከወንድሞቹ ጋር የቤቱን ነገር ተነጋግሮ ሊመለስ ነው። ያን ጊዜ መንገዱም ክፍት ነው፣ አውሮፕላኑም ይመላለሳል። አገሩ ሁለት ከሆነ ቆይቷል፤ ብሩ ግን አንድ ነበር። እዚያም በእኛው ብር ይገበያያሉ፣ እዚህም በእኛው ብር። እኔ የሱቅ ሴት ነኝ፣ ፖለቲካ አይገባኝም፤ ግን ሁለት ቤት በአንድ ማጀት እስከ መቼ ይዘልቃል እያልኩ አስብ ነበር።

ኅዳር ላይ ብሩም ተለየ። እነሱ ናቅፋ የሚባል ብር አወጡ፣ የእኛም ብር ተቀየረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። አሮጌው እስከዚህ ቀን ድረስ ካልተመለሰ ወረቀት ነው ተባለ። ብር ሲቀየር ሳይ ሁለተኛዬ ነው። በደርግ ጊዜ የጃንሆይ ብር ሲቀየር ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ቡታጅራ ገበያ ሁሉን ለውጦ አንዷን አረንጓዴ አንድ ብር ብቻ አስቀርቶ ነበር፤ በአንድ ወገን ጃንሆይ፣ በሌላው ወገን የምጽዋ ወደብ ከነመርከቡ ያለባትን። ባሕሩን ሳላየው አልሞትም ይል ነበር፤ ሳያየው ሞተ። የደርጉ ብር መጣና ጃንሆይ ከብሩ ላይ ወረዱ፣ በግራ በኩል የአገሪቱ ካርታ ገባ፣ ከነባሕሯ። ደርግ ወድቆም ያቺ ካርታ አልወረደችም ነበር። አሁን ደግሞ የእሷ ተራ ደረሰ።

ያን ሰሞን ሱቅ ተቀምጦ ያልሸጠ ሰው አበሳዬን አያውቅም። ፊቱን አይቼው የማላውቀው ሰው ሁሉ ከፍራሽ ሥር፣ ከእህል ጎተራ፣ ከየት ከየት ያወጣውን የሻገተ ብር ይዞ አንድ ክብሪት ሊገዛኝ ይመጣል። አንዱማ ሽታው አስነጠሰኝ። ሂድና ባንክ ተሰለፍ እያልኩ ስጨቃጨቅ ስውል፣ እኔ ራሴ የማዝበት ሳጥን እዚያ እድር ቤት ውስጥ በአሮጌ ብር ተሞልቶ ተቀምጧል። ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ አስገዶም ደግሞ አስመራ ነው። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

የኅዳሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ግን አይናገርም። ሥጋ ቤት ያለው ኑሪ፣ ቀልደኛው ኑሪ፣ ስለ ብሩ ጀመረና መሃል ላይ አቆመው። አንዷ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ አነሳች። ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ያን ያህል ተወርቶ አያውቅም። ሳጥኑ ይሰበር ማለት እኮ አስገዶም አይመለስም ማለት ነው፤ እንደ ኤርትራዊ ቆጥረነዋል፣ ከእኛ አውጥተነዋል ማለት ነው። ትበርህ ደግሞ እዚያው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ማን አፉን ይከፍታል? ጋሽ ረጋሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አስገዶም ይመጣል አሉ። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። ትበርህ ግን ጋሽ ረጋሳን ትክ ብላ አየቻቸው፤ የሆነ ነገር እንደምትጠብቅ ሁሉ አየቻቸው፤ ከዚያ ዐይኗን መሬት ላይ ጣለች። እኔ አፍራ ነው አልኩ። ባሏ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ጉድ ሠርቶን፣ እሷ ምን ታድርግ አልኩ።

ለምን ስልክ አልደወላችሁም ትሉኝ ይሆናል። ቁጥሩ ያለው ትበርህ ጋ ነው። ቁጥሩን መጠየቅ ደግሞ ያው ነገሩን መጠየቅ ነው። ይሉኝታ እኮ ቤት ያፈርሳል።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ትበርህ ተለወጠችብኝ። ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ። መዋጮዋን በጎረቤት እጅ ትልክልኛለች፤ መንገድ ማዶ ሆና እኮ ነው! ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ አንድ ቀን ከላይ ካለው ሱቅ ስኳር ገዝታ በደጄ ስታልፍ አየኋት። ስኳር! እኔ ሱቅ ውስጥ ስኳር ሞልቶ! ወይ ጉድ አልኩ፣ እኛ በእሷ ባል ቁልፍ ምክንያት እንቅልፍ አጥተን፣ እሷ ደግሞ ታኮርፈናለች? እኔም አኮረፍኩ። ማኩረፍ ላይ ማን ይቀድመኛል? ሁለታችንም ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እሷ መኪናዋን እየረገጠች፣ እኔ ሚዛኔን እየወለወልኩ፣ ሳንተያይ እንውላለን።

ቀኑ ሲቃረብ ኑሪ ትዕግሥቱ አለቀ። ለብቻው ሄዶ አንድ በያጅ አመጣና እድር ቤቱን ከፍቶ ሳጥኑን አሳየው። ሰውዬው ዞሮ ዞሮ አይቶት፣ ቁልፉን ለመቁረጥ ይህን ያህል ብር እቀበላለሁ ብሎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ተመለሰ። ምንም አልነካም። ኑሪ ይህን ለጋሽ ረጋሳና ለእኔ ነገረን። ተያየን። ጋሽ ረጋሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ እንግዲህ ነገ ይሰበር አሉ። የሞቱትንም የምንሞተውንም የምንቀብርበት ገንዘብ ነው፣ ወረቀት ሆኖ ሲቀር ዝም ብለን አናይም አሉ። ድምፃቸው ግን የሚቀብር ሰው ድምፅ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄን ለሰብሪና ትቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ኩርፊያዬ አልወጣልኝም፤ ግን ከሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ትስማ አልኩ። ትበርህ እንደ ልማዷ ቀና አላለችም። ፊቷ ቆምኩ።

«ትበርህ፣ ነገ ሳጥኑን ልንሰብረው ነው» አልኳት። «ከሌላ እንዳትሰሚ ብዬ ነው የመጣሁት።»

መኪናው ቆመ። «ነገ?» አለች። «አልሰበራችሁትም እንዴ?»

«ለምን ብለን ሳይቸግረን እንሰብራለን? ቸግሮን ነው እንጂ። ባልሽ ቁልፉን አስመራ ይዞት ሄዶ!»

ጮኬ ነበር መሰለኝ። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቁም ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ፤ ተመልሳ መጣችና መዳፏን ከፈተችልኝ። ቁልፉ ነው። በጥቁር ክር ታስሯል።

«ሲጠይቁሽ ስጫቸው፣ ለጋሽ ረጋሳ እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነው የሄደው» አለች። «ማንም አልጠየቀኝም።»

የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ላይ ተቀመጥኩ። አስገዶም ደንብ አውጪው፣ የራሱን ደንብ ጥሶ ቁልፉን ለሚስቱ ትቶ፣ ለጋሽ ረጋሳ እነግራለሁ ብሎ ሳይነግር ሄዷል። እሷ ነግሯቸዋል ብላ ትጠብቃለች። እኛ ደንቡን ስለምናውቅ፣ አስገዶም ቁልፍ ለማንም አይሰጥም ብለን፣ ይዞት ሄዷል ብለን ተቀምጠናል። ስብሰባው ላይ ጋሽ ረጋሳን ትክ ብላ ያየችው፣ አሁን ይጠይቁኛል ብላ ነው። አልጠየቋትም። ከዚያ በያጁን ከኑሪ ጋር ከእድር ቤት ሲወጣ አየችው። ሰበሩት አለች፤ እኔ እያለሁ፣ ሳይነግሩኝ፣ እንደ ሌለሁ ቆጥረው ሰበሩት አለች።

«ራስሽ አምጥተሽ ብትሰጪን ምን ነበረበት?» አልኳት። አሁንም ቁጣዬ አልበረደም፤ ተኮሳትሬ ነው ያልኳት።

«እንዴት ብዬ? የማይፈልጉኝን ሰዎች እኔ አለሁ ልበላቸው?» አለች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና፣ ክሩን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች፣ በዝግታ፣ «ጥሩዬ፣ እኔ እኮ ስለ ገንዘቡ አላሰብኩም» አለች። «እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ልጅ የለኝም። ብሞት ማን ይቀብረኛል እያልኩ ነው ሳልተኛ የከረምኩት።»

እኔ በስኳር ሳኮርፍ ሴትዮዋ ቀብሯን ታስብ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ታዝዞ የደረሰ ሸሚዝ በእንባችን አበላሸን። በኋላ ማጠቡ የእኔ ዕዳ ሆነ።

በማግስቱ ሳጥኑ ተከፈተ። ጋሽ ረጋሳ ቁልፋቸውን አስገቡ፣ እኔ አስገባሁ፣ ትበርህ አስገባች። ጋሽ ረጋሳ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ እሳቸውን የሚያህል ሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቋት። በአፌ ሙሉ አንድ ቃል ብጠይቅሽ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አሏት። እሷ አይገባም፣ እርስዎ አይበሉኝ እያለች በኀፍረት መድረሻ አጣች።

ብሩ ሲወጣ ዘመን ዘመን ሸተተ። ትበርህ አንዱን ባለ አስር አንስታ በብርሃን አየችው። ካርታዋን በጣቷ ተከትላ ላይኛው ጫፍ ላይ ቆመችና፣ አስገዶም እዚህ ጋ ነው ያለው አለችኝ። ትንሽ ዝቅ አድርጋ ደግሞ የእኔ አገር ይኸው አለች። በመካከላቸው አንድ ጥፍር አይሞላም። ከዚያ ብሩን ከሌሎቹ ጋር መለሰችው። ኑሪና እኔ ባንክ ወሰድነው፤ ጋሽ ረጋሳም ጃንጥላቸውን ይዘው ተከተሉን፤ ሰልፉ ላይ ሳይቀመጡ ቆሙ፤ ሰው ቦታ ቢለቅላቸውም እምቢ አሉ። አዲሱን ብር ሲሰጡን አንዱን ወስደው ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ አገላበጡት። ካርታው የለም። አጥፈው መለሱልኝ።

ጥር ላይ በጠቅላላው ስብሰባ ትበርህ ቁልፉን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ባለቤቱ የለምና ለሌላ ሰው ስጡልኝ አለች። ማንም እጁን አልዘረጋም። ኑሪ፣ በዚህ ሰፈር ሳይጠየቅ ቁልፍ የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው ከየት እናመጣለን ብሎ ሁሉን አሳቀ። ጋሽ ረጋሳ ቁልፉን መልሰው ገፉላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛው ቁልፍ የአስገዶም መሆኑ ቀርቶ የእሷ ሆነ።

አስገዶም ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ደውሎላት ነበር። ወንድሙ ታመመና ትንሽ ልቆይ አለ። ያ ትንሽ ግንቦትን አገኘው፤ ጦርነት ተነሳ። መንገዱ ተዘጋ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ ስልኩ ተቆረጠ። እሱ እዚያ ቀረ፣ እሷ እዚህ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አኩርፌዋለሁ። አንድ ወር ቀድሞ ቢመጣ ምን ነበረበት እላለሁ፤ ደግሞም ቢመጣ ክረምት ላይ እንደ ሌሎቹ ኤርትራውያን ጭነው ይወስዱት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሁለቱንም እያወቅሁ አኮርፈዋለሁ። ያን ክረምት እድራችን ውስጥም አንድ ሁለት ሰው፣ ባሏ እዚያ ያለ ሴት የእኛን ቁልፍ ትይዛለች ወይ ብለው አጉረመረሙ። ጋሽ ረጋሳ፣ ይህን ያለ ሰው መጀመሪያ ከእኔ ቁልፉን ይቀበል አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ አልሰማሁም።

ትበርህ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ሰፋች። ዐይኗ ሲደክም ክር በመርፌ የማስገባላት እኔ ነበርኩ። ከአስገዶም ወሬ የሚመጣው ሮም ባለች የእህቱ ልጅ በኩል፣ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ዓመት ነው፤ ደኅና ነው፣ ጎማ ይለጥፋል፣ ሰላም በሉልኝ ይላል። ሌላ አላገባም። እሷም አላገባችም። አንድ ቀን ናፈቀሽ ወይ ብላት፣ በጣም አለችኝ፣ ሥራዋን ሳታቆም።

በሁለት ሺህ አንድ ጥቅምት ላይ አረፈች። ስኳር በሽታ ነበረባት፤ ብዙም ሳያሠቃያት በጥቂት ቀን ነገሩ አለቀ። ኡራኤል ተቀበረች። ሬሳዋን የተሸከሙት የሰፈሩ ጎልማሶች ናቸው፤ ኑሪ ከፊት፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ትከሻውን አልቀየረም። አስገዶም እንዲሰማ ሮም ላለችው የእህቱ ልጅ ደውለን ነገርናት።

ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ በእሷ ቤትና በእኔ ሱቅ መካከል ተተከለ። በሁለተኛው ቀን መድሃኔ የሚባል ነጋዴ ከለገሃር መጣ፤ ለረጅም ዓመት ጨርቅ እየሰጠ ዩኒፎርም ያሰፋት የነበረ፣ ቤቷን እንጂ ሰፈሯን የማያውቅ ሰው። በሩ ላይ ቆሞ ተራ በተራ አየን፤ ሐዘንተኞቹን ፈልጎ አጥቶ ነው። የቅርብ ዘመድ በሚቀመጥበት በኩል ጋሽ ረጋሳ አሉ፣ ሸምግለው ከዘራ ይዘዋል። አጠገባቸው እኔ። ከእኔ ቀጥሎ ሰብሪና፣ ከዚያ ኑሪና ሚስቱ፣ እንዲያ እያለ እስከ በሩ። ልቅሶ ደራሽ ሆኖ የተቀመጠ ማንም የለም። መድሃኔ ጎንበስ ብሎ በሩ አጠገብ ያለውን ሰው፣ ቤተሰቦቿ የትኞቹ ናቸው ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ረጋሳ ሰሙት። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኛ ነን» አሉት።

ሰውዬው ግራ ገባው። ከዚያ ከእሳቸው ጀምሮ፣ እግዜር ያጽናችሁ እያለ፣ አንድ በአንድ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ማንን እንደሚዘል ስላላወቀ ድንኳኑን ሙሉ ዞረ።